ዲቃላው ሲወደድ እናቲቱ ልትጠፋ የነበረችበት ፈረስ

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ስንዴ ዋግ ነው። ዛሬ ግን ታሪክ ላውራችሁ። የፈረስ ታሪክ ነው፤ ያውም የእንግሊዝ አገር ፈረስ። "እኛ በፈረንጅ ፈረስ ምን አገባን?" የሚል አይጠፋም፤ ትንሽ ታገሱኝ። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ "ያሉኝን የሀበሻ ላሞች በሙሉ በፈረንጅ ዘር ላስጠቃ ወይ?" የሚለው እየበዛ መጥቷል። ለዚህ ጥያቄ ከደረቅ ምክር ይልቅ ይሄ ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የታሪኩ ባለቤቶች እነሱ ስለሆኑ። ወደኛ ስትመልሱት ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቀንሱ።

ፈረሱ ክሊቭላንድ ቤይ ይባላል። ክሊቭላንድ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ዮርክሽር በሚባለው አገር፣ ባሕር ዳርቻውን ይዞ ያለ ኮረብታማ አካባቢ ነው። አሜሪካ ካለው ትልቅ ከተማ ጋር እንዳታምታቱት። "ቤይ" ማለት ደግሞ እኛ ዳማ የምንለው መልክ ነው። ገላው ዳማ፣ ጋማውና ጭራው ጥቁር፣ እግሩም ወደ ታች ጥቁር። ቦቃ ቢሆን እንኳ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ ኮከብ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ እግሩ ነጭ ከሆነ ከዘሩ ሰዎች ዘንድ ቦታ የለውም። ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ከ63 እስከ 1 ሜትር ከ68 ይሆናል። የኛ አገር ፈረስ በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ40 በታች ስለሆነ፣ አጠገቡ ቢቆም የኛው ውርንጭላ ይመስላል። ደረቱ ሰፊ፣ አጥንቱ ወፍራም፣ እግሩ ከገላው አንጻር አጠር ያለ፣ ኮቴው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው።

ፈረንጆቹ ፈረስን በደም በሦስት ይከፍሉታል። እንደ ዓረብ ፈረስና ለእሽቅድምድም እንደሚረባው ቶሮብሬድ ያሉትን ቀጫጭን፣ ፈጣን፣ ቶሎ የሚደነግጡ ፈረሶች "ትኩስ ደም" ይሏቸዋል። ከባድ ጋሪና ግንድ የሚጎትቱትን፣ እንደ በሬ ደልዳላና ረጋ ያሉትን "ቀዝቃዛ ደም" ይሏቸዋል። በሁለቱ መሀል ያለው "ሞቅ ያለ ደም" ነው፤ ክሊቭላንድ ቤይም ከነዚህ ይመደባል። ነገሩ ስለ ጠባይና ስለ አካል አቋም ነው እንጂ ስለ ሙቀት አይደለም። ቴርሞሜትር ብታስገቡ የሁሉም ጤነኛ ፈረስ ሙቀት 38 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በመካከለኛው ዘመን በዚያ አገር የጋሪ መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። አፈሩ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል። (መረሬ ላይ ያላችሁ ይሄን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።) ስለዚህ ዕቃ የሚጓጓዘው በጭነት ከብት ነበር። ከገዳም ገዳም፣ ከገበያ ገበያ ሱፍና ሌላ ዕቃ የሚያመላልሱት ፈረሶች ናቸው። በዚያን ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰፊ መሬትና መንጋ የነበራቸው ገዳማቱ ስለነበሩ፣ ፈረሶቹን በብዛት ያረቡት እነሱ ናቸው። እኛ ሲራራ ነጋዴ የምንለውን ዓይነት ሰው እነሱ "ቻፕማን" ይሉት ነበር፤ በየመንደሩ እየዞረ የሚሸጥ ማለት ነው። ፈረሱም በዚሁ ስም "የቻፕማን ፈረስ" ተባለ። የክሊቭላንድ ቤይ እናት መሠረቷ ይቺ የጭነት ፈረስ ናት።

በ17ኛው መቶ ዓመት የሰሜን አፍሪካው ባርብና የስፔኑ ፈረስ ደም እንደገባበት ብዙ የዘሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ወደቦች ስላሉት የውጭ ድንጉላ ማስመጣት ከባድ አልነበረም። የጭነት ፈረሷ ጉልበቷን ሳትለቅ ትንሽ ቅልጥፍናና ቁመና ጨመረች። ከዚያ በኋላ ግን አርቢዎቹ በሩን ዘጉ። ፈረሳችን የከባድ ጋሪ ፈረስ ደምም የእሽቅድምድም ፈረስ ደምም የለበትም ማለት መኩሪያቸው ሆነ። ትንሽ ማዳቀል፣ ከዚያ ቆም ብሎ ያገኙትን ማጽናት፤ በኔ አስተያየት የዘሩ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው የተሠራው።

ለገበሬው ምን ጠቀመው ካላችሁ፣ ሁሉንም ሥራ ጠቀመው። ያርሳል፣ እህል ወደ ወፍጮ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ እሑድ ደግሞ ባለቤቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። አዊ ዞን ያላችሁ አንባቢዎች ፈረስ ሲያርስ ማየት ብርቃችሁ አይደለም፤ ለሌሎቻችን ግን ፈረስ ማለት ኮርቻና ጋሪ ብቻ ይመስለናል። የዮርክሽር ገበሬ ለእርሻ አንድ፣ ለጭነት አንድ፣ ለመቀመጫ አንድ እያለ ሦስት ዓይነት ከብት የሚቀልብበት ምክንያት አልነበረውም።

ችግሩ የመጣው በክፉ ቀን አይደለም። በጥሩ ቀን ነው የመጣው።

ወደ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ወደ 19ኛው መጀመሪያ የእንግሊዝ መንገዶች ተሻሻሉ። ማካዳም የሚባለው መሐንዲስ በጠጠር የተደለደለ ጠንካራ መንገድ መሥራትን አስተማረ፤ እኛም እስከ ዛሬ ስሙን የምናነሳው በዚሁ ነው። መንገዱ ሲጠነክር ሠረገላው ፈጠነ። የለንደን ባለጸጎች አራት ቁመናቸውም መልካቸውም አንድ ዓይነት የሆኑ ፈረሶች ጠምደው መታየትን ወደዱ። ክሊቭላንድ ቤይ ደግሞ መልኩ ሁሉ ዳማ ስለሆነ ጥንድ ማግኘት ቀላል ነው። ደላላው ወደ ዮርክሽር ጎረፈ፤ ዋጋውም ተሰቀለ።

ይሁንና ባለጸጋው "ትንሽ ፈጠን ቢል፣ ትንሽ አንገቱ ቢረዝም" አለ። ገበሬው ምን አደረገ? የክሊቭላንድ ባዝራውን በቶሮብሬድ ድንጉላ አስጠቃ። የተወለደው ድቅል በጣም አማረ። ከእናቱ አጥንትና ረጋ ያለ ጠባይ፣ ከአባቱ ፍጥነትና ቁመና ይዞ ወጣ። ይሄ ድቅል "የዮርክሽር የሠረገላ ፈረስ" የሚል የራሱ ስም ወጣለት፤ በዘመኑ ከለንደን አልፎ በውጭ አገርም የሚፈለግ ሆነ።

እስቲ በገበሬው ቦታ ሁኑ። አንድ ባዝራ አላችሁ። ንጹህ ክሊቭላንድ ብትወልድ ዋጋው ደህና ነው። ድቅል ብትወልድ ዋጋው ከዚያ ይበልጣል። ምን ታደርጋላችሁ? እኔም ብሆን ድቅሉን ነው የምመርጠው። ማንም ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም ዘር የሚያጠፋው።

እኛ ጋ ይሄን ከበቅሎ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ባዝራችሁን በአህያ ብታስጠቁ በቅሎ ትወልዳላችሁ፤ በቅሎ ከፈረስ ይወደዳል፣ ገደል ላይ አይደናገጥም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን በቅሎ አይወልድም። ባዝራዋ ዕድሜዋን ሙሉ በቅሎ ስትወልድ ኖራ ብታረጅ ምትክ የላትም፤ የሚቀጥለውን በቅሎ የምትወልድ ባዝራ ሌላ ሰው ቤት መፈለግ ነው። የእንግሊዙ ድቅል እንደ በቅሎ መካን አልነበረም፣ ይወልዳል። ጉዳቱም ቶሎ ያልታየው በዚህ ነው። ከድቅሏ ሴት እንደገና በቶሮብሬድ ሲያስጠቁ፣ ከዚያም እንደገና፣ በየትውልዱ የእናትየው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። የመጀመሪያው ድቅል ያማረው እኮ ሁለቱም ወላጆች የየራሳቸውን ጠንካራ ነገር ስላመጡ ነው። እናትየው ከሌለች ያ የመጀመሪያው ድቅል ከየት ይመጣል?

ቁጥሩን እናስላው። ባዝራ 11 ወር ገደማ ታረግዛለች፣ አንድ ትወልዳለች። ለምሳሌ በዕድሜዋ 8 ወለደች እንበል። ግማሹ ወንድ ነው፤ 4 ሴት ቀረ። አንዷ በልጅነቷ ትሞታለች፣ አንዷ ትመክናለች፣ አንዷ ለጋሪ ትሸጥና ሳትወልድ ትቀራለች። እናቷን የምትተካ አንዲት ብቻ ነች። ይሄ እንግዲህ 8ቱም ንጹህ ሲሆኑ ነው። ከ8ቱ 5ቱ ድቅል ከሆኑ፣ ንጹህ የሚወለዱት 3 ብቻ ናቸው፤ ከነሱ አንዲት ተተኪ ማግኘት ዕድል ሆነ ማለት ነው። ዘር የሚመነምነው እንዲህ ነው፤ በሽታም ድርቅም ሳይመጣ፣ ገበያው ደርቶ፣ ሁሉም ሰው እየሣቀ።

ባቡሩ የመጣውም ከዚያው ሰፈር ነው። በእንፋሎት ሞተር ለሕዝብ አገልግሎት የጀመረው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር በ1825 ሲከፈት የክሊቭላንድ ጎረቤት ነበር። ባቡሩ እየተስፋፋ ሲሄድ የረጅም መንገድ ሠረገላ ሥራ አጣ። ለአጭር መንገድና ለከተማ ግን ፈረስ መፈለጉ አልቀረም፤ እንዲያውም ከባቡር የወረደውን ሰውና ዕቃ ቤት የሚያደርሰው ፈረስ ነው።

በ1884 ጥቂት አርቢዎች ተሰባስበው የክሊቭላንድ ቤይ ፈረስ ማኅበርን መሠረቱ። ዋና ሥራቸው መዝገብ መክፈት ነበር፤ ይሄ ድንጉላ አባቱ ማን ነው፣ እናቱ ማን ናት፣ የእናቱስ እናት? መዝገብ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስን "አባ ታጠቅ"፣ ዐፄ ምኒልክን "አባ ዳኘው" እያልን በፈረሳቸው ስም እናነሳለን፤ የፈረስ ክብር ከኛ በላይ ያለው የለም። የፈረሱ እናት ማን ነበረች ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልስ አታገኙም። እነዚያ ገበሬዎች ስም አላወጡም፤ የእናቱን ስም ጻፉ። ኋላ ላይ ዘሩን ያዳነው ያ ወረቀት ነው፤ ንጹህ የትኛው እንደሆነ ባይታወቅ ኖሮ ምን ይታደጉ ነበር?

በዚሁ በ19ኛው መቶ ዓመት ድንጉላዎቹና ድቅሎቹ በመርከብ ወጡ። ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ በተለይም ወደ ጀርመን። ዛሬ በኦሎምፒክ እንቅፋት ሲዘሉ በቴሌቪዥን የምናያቸው የጀርመን ፈረሶች፣ ሆልሽታይነርና ኦልደንበርግን የመሳሰሉት፣ ከመሠረታቸው አንዱ የዮርክሽር ደም ነው። የልጅ ልጆቹ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ ሆነው የአያትየው ዘር ለመጥፋት ሲደርስ ማየት የሚገርም ነገር ነው። በዶሮም በከብትም ይሄ ይደርሳል።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። እኛ ጋ የልጅ ኢያሱ ዘመን ነበር። ያ ጦርነት መትረየስና አውሮፕላን የነበረበት ቢሆንም መድፉን የሚጎትተው ፈረስ ነው። ለመድፍ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት ፈረስ መሰላችሁ? ከባድ የሚጎትት ግን መሮጥ የሚችል። ልክ ክሊቭላንድ ቤይ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሄዱ፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። እንግሊዞች በዚያ ጦርነት ያጡት ፈረስና በቅሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ከጦርነቱ የተረፉት ሲመለሱ ዓለም ተቀይሯል። በከተማ መኪና፣ በእርሻ ደግሞ ትራክተር መጣ። ከሁሉ በፊት የወደቀው ያ ሁሉም የተሻማበት ድቅል ነው። ሠረገላ ከሌለ የሠረገላ ፈረስ ምን ያደርጋል? የዮርክሽር የሠረገላ ፈረስ መዝገብ በ1936 ተዘጋ። ያ ዘር ዛሬ የለም። ለአንድ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ከብት፣ ሥራው የቀረ ቀን እሱም ይቀራል። እናትየው ግን ማረስም መጫንም መቀመጫ መሆንም ስለምትችል በጥቂት ገበሬዎች ቤት ቆየች።

ቆየች እንጂ አላበበችም። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ነገሩ ባሰ። ትራክተር የገዛ ገበሬ ፈረስ መቀለብ ኪሳራ ሆነበት። በዮርክሽር ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ፣ ከአባታቸው ስለተረከቡ፣ ትርፉን ሳይጠብቁ ይዘው ዘለቁ። በዚያን ዘመን ሞኞች ሳይባሉ አልቀሩም። በ1962 በመላው እንግሊዝ የቀሩት ንጹህ የክሊቭላንድ ቤይ ድንጉላዎች አራት ብቻ ነበሩ። አራት!

"አራት ድንጉላ እኮ ብዙ ባዝራ ያስጠቃል" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኮርማም እንደዚያው ነው። ነገር ግን የእርባታ ትምህርት ላይ የምንማረው አንድ ስሌት አለ፦ ወንዱን በሴቱ ታባዛላችሁ፣ ውጤቱን በ4 ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ለወንድና ለሴት ድምር ታካፍላላችሁ። 4 ወንድና 100 ሴት ብንል፣ 4 ጊዜ 100 ጊዜ 4፣ 1,600 ይሆናል፤ ለ104 ሲካፈል 15 ገደማ። ሜዳ ላይ 104 ፈረስ ይታያችኋል፣ በዘር ስፋት ግን 15 ፈረስ ብቻ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ምክንያቱም ከሚወለዱት ብዙዎቹ በአባት ወንድምና እህት ናቸው። በሁለተኛው ትውልድ ወንድም ከእህት፣ አጎት ከእህት ልጅ መዳቀል ይጀምራል። ያኔ የማያረግዙ ይበዛሉ፣ የሚወለዱትም ይደክማሉ። መንደር ውስጥ አንድ ኮርማ ለዓመታት ሲያገለግል የሚሆነውም ይሄው ነው፤ የገዛ ልጆቹን ማስጠቃት ይጀምራል።

ከአራቱ አንዱ ሙልግሬቭ ሱፕሪም የሚባል ነበር። ገና ወጣት ሳለ ወደ አሜሪካ ሊሸጥ ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ይሄን ሰምተው ፈረሱን ገዙት፤ በእንግሊዝ ቀረ። ንግሥቲቱ ፈረስ የሚወዱ ብቻ ሳይሆኑ እርባታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ሰዉ ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ "ንግሥቲቱ አዳኑት" ብሎ ይዘጋል። እኔ ግን መግዛታቸው ግማሹ ነው ባይ ነኝ። ፈረሱን ገዝተው ቤተ መንግሥት ውስጥ ቢያስሩት ኖሮ አንድ የሚያምር ፈረስ ይኖራቸው ነበር፣ ያ ብቻ። እሳቸው ለሌሎች አርቢዎች ባዝራዎችም ክፍት አደረጉት። ለንጹሆቹም ለድቅሎቹም። የተወለዱት ጥሩ ሆነው ሲወጡ፣ ንግሥቲቱ የያዙት ፈረስ ነው ሲባል፣ ሌላውም ሰው ባዝራውን መፈለግ ጀመረ። በ15 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም እስከ 1977 ገደማ፣ ንጹህ ድንጉላዎቹ ከ4 ወደ 36 ከፍ አሉ። የንግሥቲቱ ባለቤት ልዑል ፊሊጶስም በአራት ፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ውድድር ላይ የክሊቭላንድ ድቅሎችን እየነዱ ሕዝብ እንዲያያቸው አደረጉ።

ልብ በሉ፣ ድንጉላዎቹን ያበዛው የንግሥቲቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ባዝራ ይዘው የጠበቁ ገበሬዎች ባይኖሩ ድንጉላው ማንን ያስጠቃ ነበር? የነሱ ስም በቴሌቪዥን አይነሳም፤ ፈረሱ ሲወራ ግን እኔ ቀድመው የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ወደኛ ትንሽ ልመለስ። ጣና ዳር ያላችሁ የፎገራን ከብት ታውቃላችሁ። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ የሚችል፣ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን ዘር ነው። ሩዝ ሲስፋፋ የግጦሽ ሜዳው ጠበበ፣ ከሌላ አካባቢ ከብት ጋር ተቀላቀለ፣ በፈረንጅ ዘርም ተዳቀለ፤ ንጹሁ እየሳሳ ነው። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራ መንጋ ለብቻው ይዞ የሚያራባው ለዚህ ነው። ሩዙም ጥሩ ነው፣ የፈረንጅ ዘሩም ወተት ይሰጣል፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የዮርክሽሩም ገበሬ እንደዚያው ነበር።

ስለዚህ ለተነሳው ጥያቄ የኔ ምክር ይሄ ነው። አዳቃይ ቴክኒሻን ጠርታችሁ በፈረንጅ ዘር ማስጠቃት ትችላላችሁ፤ ወተት ገበያ ቅርብ ከሆነ፣ መኖ ካላችሁ፣ አድርጉት። ሁሉንም ላም ግን አታድርጉ። አምስት ላም ያለው ሰው ከሁሉ የምትሻለዋን፣ በየዓመቱ የምትወልደዋን፣ በበጋ ሥጋዋን የማትጥለዋን ሀገረሰብ ላም ለሀገረሰብ ጥሩ ኮርማ ይተዋት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ምርጧን ያዳቅልና ከሲታዋን ለዘር ያስቀራል። የድቅሏን ሴት ልጅ ደግሞ እንደገና፣ ልጇንም እንደገና በፈረንጅ ዘር እያስጠቃችሁ ስትሄዱ፣ መኖውና ሕክምናው በዚያው ልክ ካልጨመረ ወተቱ እንደጠበቃችሁት አይመጣም፣ መዥገርና በሽታም ይበረታባታል። የመንደር ኮርማ ከሆነ ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ከሌላ ቀበሌ ኮርማ ጋር ተለዋወጡ። የተጠቃችበትን ቀንና የኮርማውን ማንነት የልጆች ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ማስቀመጥም ይቻላል።

ወደ ዮርክሽሩ ፈረስ ስንመለስ፣ ከአራቱ ድንጉላዎች ዘመን ወዲህ ተረፈ እንጂ ከአደጋው አልወጣም። እንግሊዝ ውስጥ በ1973 የተቋቋመው ብርቅዬ የቤት እንስሳትን የሚታደገው ድርጅት ዛሬም እጅግ ከሚያሳስቡት ዘሮች ጋር ይመድበዋል። የአሜሪካው ተመሳሳይ ድርጅትም እንደዚያው። አሁን ያሉት ከጥቂት አባቶች የወረዱ ስለሆኑ ዝምድናቸው ቅርብ ነው። ማኅበሩ ያንን የድሮ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ የትኛዋ ባዝራ ከየትኛው ድንጉላ ጋር ብትጠቃ ዝምድናቸው እንደሚርቅ እያሰላ ለአርቢው ይመክራል። እጅግ የሚያምረው ድንጉላ ሁሉንም ባዝራ እንዲያስጠቃ አይፈልጉም፤ ዘመዱ ያነሰውን፣ መልኩ መካከለኛ ቢሆንም፣ ያስቀድማሉ። የድንጉላ ዘርም በበረዶ ተቀዝቅዞ ይቀመጣል፤ እኛ ለላም እንደምንጠቀምበት ማለት ነው።

ሥራም አላጣም። በለንደን ቤተ መንግሥት ጋጣ ውስጥ ዛሬም አሉ። ከየአገሩ የተሾመ አዲስ አምባሳደር የሹመት ደብዳቤውን ለንጉሡ ሲያቀርብ በፈረስ ሠረገላ ነው የሚወሰደው፤ ሠረገላውን ሲጎትቱ የምታዩአቸው ዳማ ፈረሶች ብዙዎቹ የዚህ ዘር ናቸው። የእንግሊዝ ፖሊሶችም ይቀመጡባቸዋል፤ ግርግር ውስጥ አይደናገጡም።

የድሮው ፈተና ግን አልቀረም። አደን የሚያድኑና እንቅፋት የሚያዘልሉ ሰዎች አሁንም በጣም የሚወዱት የክሊቭላንድና የቶሮብሬድ ድቅሉን ነው። ዋጋውም ደህና ነው። ባዝራ ያለው ሰው አሁንም በየዓመቱ ያንኑ የአያቶቹን ሒሳብ ያሰላል፦ ዘንድሮ ድቅል ላስወልድ ወይስ ንጹህ? ማኅበሩም ድቅል አታስወልዱ አይልም፣ ቢል የሚሰማው የለም። የሚለው፣ መጀመሪያ ምትኳን ትውለድ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጎተራ ነቀዝ ወደ ጀመርነው ጉዳይ እንመለሳለን። ቸር ሰንብቱ።